የሞተር ሳይክል የኋላ ሞላን በጠንካራ መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኋላ ሰው ጭናችሁ ጉድጓድ ስትገቡ ሞተሩ «ጓ!» ካለ፣ ይህ ገጽ ለእናንተ ነው። ጥያቄዎቹ ከጓደኞቼ፣ ከጋራዥ ደጃፍና ከራሴ ስህተት የተለቃቀሙ ናቸው። ሞላ የምለው ሾኩ ላይ የተጠመጠመውን ስፕሪንግ ነው፤ ሾኩ ደግሞ ዝላዩን የሚያበርደው ባለ ዘይት ቱቦ ነው። ምሳሌ የማደርገው የራሴን ሞተር ነው፤ 250 ሲሲ፣ ከኋላ አንድ ሾክ ብቻ ያለው፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን። የኋላ ጎማው ከታች እስከ ላይ 240 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። እኔ ደግሞ ከነሄልሜቴ፣ ከነጫማዬ 92 ኪሎ ነኝ። ሞተሩን የሠሩት ሰዎች እኔን አስበው እንዳልሠሩት ግልጽ ነው።

ሞላዬ እንደለሰለሰብኝ በምን አውቃለሁ?

ማታ የፊት መብራታችሁ መንገዱን ትቶ ዛፍ ላይ ካበራ፣ የኋላው ወርዷል ማለት ነው። ኩርባ ላይ መሪው ቀልሎ ሞተሩ ወደ ውጭ መንሸራተት ካማረው፣ ያም ምልክት ነው። ትንሽ ጉብታ ላይ ታች ድረስ መምታቱማ ማንም የሚያውቀው ነው።

ግን ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ሾኩን እዩት። የሚያብለጨልጨው ዘንግ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጭቃ ከሠራ፣ ዘይት እያፈሰሰ ነው። መቀመጫውን በኃይል ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነሥቶ ካረፈ ደህና ነው። እንደ ሽቦ አልጋ ሦስት አራት ጊዜ ከዘለለ ግን ሾኩ ሞቷል። ለሞተ ሾክ አዲስ ሞላ ብትገዙለት ዝላዩን ያባብስበታል እንጂ አያድነውም።

ቀለበቱን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። ግን ሁሉም ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ እኔም እንደዚያው።

ሾኩ አናት ላይ ያለው ባለ ጥርስ ቀለበት ሲጠብቅ ሞላውን አስቀድሞ ይጨምቀዋል። ይህን ነው ፕሪሎድ የሚሉት። ቀለበቱ የሚለውጠው የሞተሩን ከፍታ ነው። የሞላውን ጥንካሬ አይነካውም። ሞላው ለመጨመቅ በአንድ ሚሊ ሜትር 70 ኒውተን (ኒውተን የጉልበት መለኪያ ነው) የሚፈልግ ከሆነ፣ ቀለበቱን አምስት ዙር ብታጠብቁትም እያንዳንዷ ተጨማሪ ሚሊ የምትጠይቀው ያንኑ 70 ነው።

ታዲያ ለምን የጠነከረ ይመስለናል? ሞተሩ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ ታች ለመምታት የቀረው መንገድ ይረዝማል። ግን የተገኘው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ነው፤ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት መንገድ በዚያው ልክ ያጥራል። ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ወርዶ መሬቱን መከተል አለበት። ቀለበቱ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሾኩ ገና ከመነሻው ተዘርግቶ ስላለቀ፣ ጎማው አየር ላይ ይንጠለጠላል። እንደ ቆርቆሮ በተሸነተረ የጠጠር መንገድ ላይ የሞተሩ ኋላ እየነጠረ ወደ ጎን የሚሸሸው ያኔ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት እንደዚያ ነዳሁ። ጥፋቱን የጎማው ነፋስ ላይ እያላከክኩ ነበር።

ዝቅታ ሲባል እሰማለሁ፤ እንዴት ነው የሚለካው?

ዝቅታ ማለት ሞተሩ በራሱ ክብደት ወይም እናንተ ስትቀመጡበት የኋላው ስንት ሚሊ እንደሚወርድ ነው። ለመለካት ሜትርና ሁለት ታጋሽ ጓደኞች ያስፈልጋሉ። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

መጀመሪያ የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሣ ከሞተሩ ሆድ ሥር ጠንካራ ነገር አስገቡ። የቢራ ሳጥን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከኋላ ጎማው መሐል ዳዶ ተነሥታችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምልክት እስካደረጋችሁበት የማይንቀሳቀስ ቦታ ድረስ ለኩ። የእኔ 600 ሚሊ ሜትር መጣ። ከዚያ ሞተሩን መሬት አውርዳችሁ፣ ማንም ሳይቀመጥበት እንደገና ለኩ፤ 566 ሆነ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡ፤ ጓደኛችሁ ከፊት ይያዝላችሁና ሌላ ሰው ይለካ። 498።

እንግዲህ ባዶ ዝቅታው 600 ሲቀነስ 566፣ ማለትም 34 ነው። ከሰው ጋር ደግሞ 102። ከ240ው ጉዞ ውስጥ 102ቱን እኔ ገና ስቀመጥ በልቼዋለሁ ማለት ነው። እንደዚህ ላለ ሞተር ጥሩ የሚባለው አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ 80 ሚሊ ነው።

አንዲት ብልሃት ልጨምር። ሾክና ማያያዣዎቹ ፍትጊያ ስላላቸው ሞተሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። አንዴ ወደ ታች ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁና ለኩ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ላይ አንሥታችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱና ለኩ። መሐከሉን ውሰዱ።

ለአስፋልት ብቻ የተሠሩ ሞተሮች ጉዟቸው አጭር ስለሆነ ከሰው ጋር 30 እስከ 40 ሚሊ ይበቃቸዋል። 300 ሚሊ የሚጓዙት የሞቶክሮስ ሞተሮች ግን እስከ 100 ወይም 105 ይወርዳሉ።

ታዲያ ስንት ጥንካሬ ያለው ልግዛ?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ ከምንገምተው ተገልብጦ የተቀመጠ ስለሆነ።

ቀለበቱን አምስት ዙር ያህል አጥብቄ ከሰው ጋር ያለውን ዝቅታ 80 ላይ አደረስኩት። ደስ አለኝ። ባዶውን ስለካው ግን 12 ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከሰው ጋር ያለው ተስተካክሎ ባዶው እንዲህ ካነሰ፣ ሞላው ለስልሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ባዶውን እምብዛም አይወርድም፣ እንዲያውም ደርቋል» ብሎ ለስላሳ ሞላ ሊገዛ ይሄዳል። ተቃራኒው ነው። ለስላሳ ስለሆነ ነው ቀለበቱን ያን ያህል ያጠበቅነው፤ ቀለበቱ ነው ባዶውን ሞተር ወደ ላይ የሰቀለው። እንደኔ ባለው ሞተር ላይ ባዶ ዝቅታው ከ15 ካነሰ ጠንካራ ሞላ፣ ከ35 ከበለጠ ለስላሳ ሞላ እፈልጋለሁ።

አሁን ሁለቱን ጥንድ ቁጥሮች ተመልከቱ። መጀመሪያ 102 እና 34 ነበሩ፤ ልዩነቱ 68። ካጠበቅኩት በኋላ 80 እና 12፤ ልዩነቱ አሁንም 68። ቀለበቱን ምንም ብታደርጉት ይህ ልዩነት እምብዛም አይነቃነቅም። የሚወስነው የእናንተ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ነው። እኔ የምፈልገው 80 እና 25 ነው፤ ልዩነቱ 55። ስለዚህ የድሮውን ጥንካሬ በ68 አባዝቼ ለ55 አካፈልኩት። 70 ሲባዛ በ68፣ ሲካፈል ለ55፣ 86.5 ይመጣል። በገበያ ያለው 85 ነበርና እሱን ወሰድኩ። ስገጥመው 80 እና 23 ሰጠኝ። ሒሳቡ እንደ ባንክ ደብተር ልክ አይመጣም፤ የሾኩ ማያያዣ ትንሽ ያዛንፈዋል። ከጋራዥ ግምት ግን እጅግ ይሻላል።

አልፎ አልፎ ብቻ ሰው ወይም ዕቃ የምጭን ከሆነስ?

ሞላውን አብዛኛውን ጊዜ ለምትነዱበት ጭነት ግዙ። ለቀሪው ቀን ቀለበቱን ተጠቀሙ። ውኃ የተሞላች 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነች፤ ከኋላ ስትታሰር ሸክሟ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የኋላውን ጎማ ነው የሚጫነው። እሷን አስራችሁ ዝቅታውን ለኩና ወደ 80 ለመመለስ ስንት ዙር እንደፈለገ ጻፉ። በየቀኑ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ግን ስትለኩ ሰውዬውንም አስቀምጡት።

አንዱ ኪሎ ይላል፣ አንዱ ኒውተን፣ አንዱ ፓውንድ። የትኛውን ልያዝ?

ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። 1 ኪሎ በሚሊ ሜትር ማለት 9.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር ወይም 56 ፓውንድ በኢንች ነው። የእኔ የድሮ ሞላ 70 ኒውተን፣ በኪሎ 7.1፣ በፓውንድ 400 ነው። አዲሱ 85፣ 8.7፣ 485። ከአሜሪካ ስታስመጡ ፓውንድ፣ ከአውሮፓ ኒውተን ታገኛላችሁ።

ሞላዬ ላይ ቁጥር የለም። ጥንካሬውን እንዴት ልወቅ?

በቀለሙ አትፍረዱ። የቀለም ምልክት የየአምራቹ የግል ቋንቋ ነው፤ የአንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር አይገናኝም። በእጅ ጨምቆ «ይሄ ደረቅ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ በትህትና አመስግኑት። 70 እና 85ን በእጁ የሚለይ ሰው አላየሁም።

እኔ ቶርኖ ቤት ወስጄ ፕሬስ ላይ ነው ያስለካሁት። ከሥሩ የሰው መመዘኛ ሚዛን አደረግን፣ ከላይ ጠፍጣፋ ብረት። 5 ሚሊ ሲጨመቅ 36 ኪሎ፣ 15 ሚሊ ሲጨመቅ 107 ኪሎ አነበበ። በ10 ሚሊ ውስጥ 71 ኪሎ ጨመረ ማለት ነው፤ በአንድ ሚሊ 7.1። ከዜሮ ያልጀመርነው የመጀመሪያዋ ሚሊ ሞላው ቦታውን እስኪይዝ ታወናብዳለች ብለን ነው። ፊታችሁን ራቅ አድርጉ፤ የተጨመቀ ሞላ ከሚዛን ላይ ከተፈናጠረ ቀልድ አያውቅም።

የሌላ ሞተር ሞላ ይገባልኛል?

ልኩ ከመጣ፣ አዎ። ከጥንካሬው ሌላ ሦስት ነገር ይታያል፤ የውስጥ ስፋቱ፣ ያልተጨመቀ ርዝመቱና እስከ ስንት ሊጨመቅ እንደሚችል።

እኔ የመጀመሪያውን ያስመጣሁት አሜሪካ ባለ የአክስቴ ልጅ በኩል ነበር። በስልክ «ለ250 ሞተር የሚሆን ጠንከር ያለ ሞላ» አልኩት፤ አለቀ። ሁለት ኪሎ ብረት በሻንጣ ተሸክሞ መጣ። በልዋጩ የወሰደው በርበሬ ከዚያ ይበልጣል። ሞላው የሚያምር ቢጫ ነበር። ሾኩ ላይ ላጠልቀው ስል ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። የእኔ ሾክ 60 ሚሊ ስፋት ይፈልጋል፤ የመጣው 57 ነው። ሦስት ሚሊ! እስካሁን መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ለሁለተኛው ግን ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ ላክሁ።

መጨመቅ የሚችለውን ለማወቅ የሽቦውን ውፍረት በጥምጥሙ ብዛት አባዙት። 12.5 ሚሊ ሽቦ፣ 9 ጥምጥም፣ 112 ሚሊ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ብረት ከብረት ይገጥማል። ሞላው ያልተጨመቀ ርዝመቱ 230 ከሆነ 118 ሚሊ መጨመቂያ አለው። የሾኩ ጉዞ 80 ነው፣ ፕሪሎዱ 12 ነው፤ ድምሩ 92። ይበቃዋል። ይህን ሳያዩ የገጠሙት ወፍራም ሞላ ሾኩ ጉዞውን ሳይጨርስ ከተቆለፈ፣ አንድ ነገር ይሰበራል።

ሞላውን አንድ ጥምጥም ቆርጬ ባስጠነክረውስ? ወይ በእሳት ባሞቀው?

ሳይንሱ ውሸት አይደለም፤ ጥምጥም ሲቀንስ ሞላ ይጠነክራል። ግን ያጥራል፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ስለማይሆን ወንበሩ ላይ ያዘነብላል። እሳት ደግሞ ብረቱ ያገኘውን ጥንካሬ ያሳጣዋል። አታድርጉት።

በነገራችን ላይ ጥንካሬን በዋናነት የሚጨምረው የሽቦው ውፍረት ነው፤ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ከ12 ወደ 12.5 ሚሊ ብትሄዱ 18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ግማሽ ሚሊ በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የሌለው ሻጭ ሲምልላችሁ የማታምኑት።

ራሴ መፍታት እችላለሁ?

ሾኩ ባለ ጥርስ ቀለበትና ባለ ክር ከሆነ፣ ትዕግሥት ካላችሁ፣ አዎ። በደረጃ የሚዞር መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ከሆነ ግን ፕሪሎዱ ተላልቶ አያልቅም። ያለ ትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ አትንኩት። የመኪናው ባለ ሁለት መንጠቆ መጭመቂያ ለሞተር ሞላ ሰፊ ነው፤ ይንሸራተታል።

ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። 15 ሚሊ የተጨመቀ ባለ 70 ሞላ ከአንድ ኩንታል በላይ ጉልበት ይዞ ነው የተቀመጠው። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ላይ ሲለቀቅ አስቡት።

ሥራው የሚጀመረው ሾኩ ገና ሞተሩ ላይ እያለ ነው፤ እዚያ ታስሮ ስለሚቆም ቀለበቱን ማላላት ይቀላል። ክሩን በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ በደንብ እጠቡት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የአሉሚኒየሙን ክር ትበላዋለች። አሁን ያለውን የሞላ ርዝመት ለኩ፣ ፎቶ አንሡ። ከዚያ መቆለፊያውን ቀለበት፣ ቀጥሎ ዋናውን አላሉ። ለዚህ የተሠራ ባለ መንጠቆ ቁልፍ አለ፤ ርካሽ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ልጁ የእኔን በመሮና በመዶሻ ሲያዞረው ዞር ብዬ ነበር። ስመለስ ከስድስቱ ጥርስ ሁለቱ ተልጠዋል፤ ነጭ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ወለሉ ላይ ተበትኗል። «ይሠራል ጋሼ» አለኝ። መሥራቱን ይሠራል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀለበቱ በመሮ ካልሆነ አልዞርም ብሏል።

የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ደገፍ ተደርጎ፣ የታችኛውንና የላይኛውን ቡሎን አውጡ። ቡሎኑ እንቢ ካለ ጎማውን ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ሸክሙ ሲነሣለት በጣት ይወጣል። ሾኩ ከወጣ በኋላ ቀለበቱን እስከ መጨረሻ አላሉት። ሞላው በእጅ የሚሽከረከር ከሆነ ከታች ያለውን መያዣ፣ ባለ ስንጥቅ ዲስክ ወይም ሁለት ግማሽ ቀለበት፣ አንሸራቶ ማውጣት ይቻላል። ካልተሽከረከረ አሁንም ጉልበት አለበት፤ መጭመቂያ ፈልጉ።

ሾኩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጋን አትንኳት። ውስጧ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ነው።

አዲሱን ስታስገቡ የዘንጉን ላስቲክ ትራስ እዩ፤ እንደ አሮጌ ስፖንጅ የሚፈረፈር ከሆነ ለውጡት። ማያያዣዎቹንም ፈትታችሁ ኩሽኔታቸውን ግራሶ ቀቡ። አንዴ ፈትታችሁታልና ዕድሉ አይለፋችሁ፤ የእኔ ከአንዱ ውስጥ የወጣው ደረቅ ቡናማ ዱቄት ነበር። ቀለበቱን 10 ሚሊ ያህል አጥብቃችሁ ጀምሩ። ዜሮ ላይ አትተዉት፤ ሞላው ልቅ ከሆነ መያዣው ሊወድቅ ይችላል። ቡሎኖቹን የሞተሩ መጽሐፍ በሚለው ልክ አጥብቁ፣ ከዚያ ዝቅታውን እንደገና ለኩ።

ቀለበቱን ትንሽ ሳዞረው ዝቅታው ብዙ የሚለወጠው ለምንድን ነው?

ሾኩ 1 ሚሊ ሲጨመቅ ጎማው 3 ሚሊ ገደማ ስለሚሄድ። የአንድ ሾክ ሞላ ያን ያህል ጠንካራ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጎማውን ሸክም በሦስት እጥፍ ይሸከማል። «አንድ ሞላ እንዴት ይችላል?» ለሚሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን በያማሃ የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በአንድ ሾክ ነው። ሐሳቡ ሉሲየን ቲልኬንስ ከተባለ ቤልጅየማዊ መሐንዲስ የመጣ ነበር።

ከቀየርኩት በኋላ ጉብታ ላይ መቀመጫው ይወረውረኛል። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ጠንካራ ሞላ የሚመለሰውም በጉልበት ነው። የሚይዘው የሾኩ ዘይት ነው። ከሾኩ ሥር ሪባውንድ የሚባል፣ የመመለሻውን ፍጥነት የሚቆጣጠር ቡሎን ካለ፣ መጀመሪያ እስኪዘጋ ድረስ ስንት ክሊክ እንደነበር ቆጥራችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደነበረበት መልሱና ሁለት ሦስት ክሊክ አጥብቁ። ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ጉብታ ደግማችሁ ሂዱበት። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት ደግሞ ሾኩ ለመመለስ ጊዜ ያጣና በተከታታይ ጉብታ ላይ እየሰመጠ ይሄዳል። ቡሎኑ ከሌለና የሞላው ጭማሪ ትልቅ ከሆነ ሾክ የሚፈታ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል።

ሌላ መታየት ያለበት ነገር አለ?

ሰንሰለቱ። የኋላው ከፍታ ሲለወጥ የሰንሰለቱ መላላትም ይለወጣል፤ እንደገና ለኩት። የፊት መብራቱን አውርዱ ወይም አንሡ። የኋላው ከፍ ካለ ሞተሩ በጎን መቆሚያው ላይ ከበፊቱ ይልቅ ሊያዘነብል ይችላል፤ የሆነ ጠዋት ወድቆ እንዳታገኙት። መሪውም ፈጠን ይላል። ፍሬን ስትይዙ የፊቱ የሚሰምጥ ከሆነ የፊት ሞላዎችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

አጭር ነኝ፤ ጠንካራ ሞላ እግሬን ከመሬት አያርቀውም?

ከሰው ጋር ያለው ዝቅታ እኩል ከሆነ እግራችሁ የሚደርሰው እኩል ነው። የሚርቅባችሁ ድሮ ሰምጦ ከነበረ ብቻ ነው።

ሁለት ሾክ ባለው ሞተር፣ ለምሳሌ ቦክሰር በሚባለው ላይስ?

ልኬቱም ሒሳቡም ያው ነው። ብቻ ሁለቱንም በአንድ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ቀይሩ፣ መቆጣጠሪያቸውንም እኩል ደረጃ ላይ አድርጉ። እነዚህ ሾኮች ብዙውን ጊዜ ከነሞላቸው ነው የሚሸጡት፤ ሞላውን ብቻ ለማውጣት ከመታገል ጥንዱን መግዛት ይቀላል። ከአሮጌዎቹ አንዱ ዘይት ካፈሰሰ ደግሞ ጨርሶ አትጠራጠሩ።